ባራንጋይ ቀበሌ ነው ወይ? ስለ ቪጋን ከተማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች፤ የትውልድ ቦታዋ ቪጋን ነው። ስለ ከተማዋ ስታወራ ግራ ይገባኛል። ሕዝቡ አምሳ ሺህ ገደማ ነው ትላለች፤ ግን በሕግ ‹ከተማ› ነው፣ ከሱ የሚበልጡት ደግሞ አይደሉም ትለኛለች። ቤተሰቦቿ የቤታቸውን መስኮት ለመቀየር የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው። ወንድሟ ለባራንጋይ ካፒቴንነት ሊወዳደር ነው። ባራንጋይ የእኛ ቀበሌ ነው? ከንቲባውስ ምን ያህል ሥልጣን አለው? ገንዘቡስ ከየት ነው የሚመጣው?»

መልስ፦ የፊሊፒንስን የአካባቢ አስተዳደር ለማስረዳት እንደ ቪጋን የሚመቸኝ ከተማ የለም። ትንሽ ናት፣ ታሪኳ ረጅም ነው፣ ጉድም አያጣትም። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከቦታው ልጀምር። ከማኒላ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሉዞን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ። ቪጋን የኢሎኮስ ሱር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ስፋቷ 25 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ2020ው ቆጠራ 53,935 ሰው ተቆጥሮባታል። ሕዝቡ በቤቱ የሚናገረው ኢሎካኖ ነው። ፓግቡርናያን በሚባለው ሰፈር ቡርናይ የሚሉትን ጋን ይሠራሉ፤ ኮምጣጤና የሸንኮራ መጠጥ የሚብላላው እሱ ውስጥ ነው። ካማንጋን ውስጥ ደግሞ ሽመናው አለ። ማታ ማታ ፕላሳ ቡርጎስ አደባባይ ዳር ኢምፓናዳ ይጠበሳል። ከሩዝ ዱቄት የተዳመጠ ብርቱካንማ ሊጥ ላይ የተፈቀፈቀ ጥሬ ፓፓያ ይደረጋል፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የአገሩ ቋሊማ ይጨመራል፣ ከላይ እንቁላል ይሰበርበትና ይታጠፋል። ከዚያ የጋለ ዘይት ውስጥ ነው። ሲወጣ ኮምጣጤ እያፈሰሱ በትኩሱ መብላት ነው፤ ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። የአገሪቱ ስድስተኛ ፕሬዚዳንት ኤልፒዲዮ ኪሪኖ በ1890 የተወለዱት ቪጋን ወህኒ ቤት ውስጥ ነው። እናታቸው ታስረው እንዳይመስልዎት፤ አባታቸው የወህኒው ጠባቂ ነበሩ።

አሁን ወደ ጥያቄው። አምሳ ሺህ ሰው ይዛ እንዴት «ከተማ» ተባለች?

ፊሊፒንስ ውስጥ ከተማነት ሕጋዊ ማዕረግ ነው። ሕንፃ ስለበዛ ወይም ታክሲ ስለተርመሰመሰ አይገኝም። የአገሪቱ ምክር ቤት አዋጅ ማውጣት አለበት፣ ነዋሪውም በሕዝበ ውሳኔ ማጽደቅ አለበት። ከከተማ በታች ያለው እርከን ሙኒሲፓሊቲ ይባላል፤ የእኛን የወረዳ ከተማ ከነገጠሩ አድርገው ያስቡት። የ1991ዱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ሙኒሲፓሊቲ ወደ ከተማነት ለማደግ ምን እንደሚያስፈልገው ጽፏል። 20 ሚሊዮን ፔሶ ዓመታዊ ገቢ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ላይ ወይ 150,000 ነዋሪ፣ ወይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት።

ቪጋን በነዋሪም በመሬትም አትደርስም። በ2000 ሕዝቧ 45,000 ገደማ ነበር፤ መሬቷ ከሚፈለገው አንድ አራተኛው ነው። በሩ የተዘጋ ይመስላል። ቪጋኖች ግን ሌላ በር አገኙ፤ ይቺን ዘዴ ባነሳኋት ቁጥር ፈገግ ያሰኘችኛለች።

ስፔናዊው ሁዋን ደ ሳልሴዶ ቦታውን በ1572 ይዞ ቪላ ፈርናንዲና ብሎ ሰየመው። ከሁለት ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ የኑዌቫ ሴጎቪያ ጳጳስ መንበር ወደ ቪጋን ሲዛወር፣ ቦታው በንጉሣዊ ድንጋጌ «ሲውዳድ»፣ ማለትም ከተማ ተባለ። የድንጋጌው ቀን መስከረም 7፣ 1757 ነው። ስፔን ሄደች፣ አሜሪካ መጣች፣ ማዕረጉ ተረሳ፣ ቪጋን ሙኒሲፓሊቲ ሆና ቀረች። ከዚያ በ2000 መጨረሻ የሪፐብሊኩ አዋጅ ቁጥር 8988 ወጣ። አዋጁ «ቪጋን ከተማ ትሁን» ብቻ አላለም። በ1757 በስፔን ንጉሥ ድንጋጌ የተፈጠረችውን የቪጋን ከተማ «አውቀናል፣ አጽንተናል» አለ። ነዋሪው በጥር 2001 ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው።

የጊዜው ነገር ደግሞ ይገርማል። ወር ገደማ ቆይቶ፣ በየካቲት 2001፣ የገቢውን መስፈርት ከ20 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ፔሶ የሚያሳድግ ሕግ ጸደቀ። የሕጉ ዋና ተሟጋች ሴናተር አኪሊኖ ፒሜንቴል ነበሩ፤ የ1991ዱ ሕግ አባት የሚባሉትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በልዩ አዋጅ ከተማ የሆኑ 16 ሙኒሲፓሊቲዎች የከተሞች ማኅበር ከሶ ፍርድ ቤት አቆማቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ2008 እስከ 2011 «ከተማ አይደላችሁም»፣ «ናችሁ»፣ «አይደላችሁም»፣ «ናችሁ» እያለ ሲገለባበጥ ከርሞ በመጨረሻ ከተማነታቸውን አጸናላቸው። አንዳንዱ ከንቲባ አንድ ዓመት ከከተማ ሌላ ዓመት ከሙኒሲፓሊቲ በጀት ያወጣ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግብግብ ለክብር እንዳይመስልዎት። ነገሩ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የበጀቱን ጥያቄ እዚሁ ልመልስ።

የማዕከላዊው መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር 40 ከመቶው በሕግ የአካባቢ መንግሥታት ነው። የሚታሰበው ከሦስት ዓመት በፊት በተሰበሰበው ላይ ነው። ይህ ድርሻ ደጅ ተጠንቶ የሚገኝ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ገንዘቡ በቀጥታ፣ ያለ ልመና ይለቀቅ ይላል። ድሮ 40 ከመቶው የሚሰላው ከአገር ውስጥ ገቢ ብቻ ነበር። የባታንጋስ ክፍለ ሀገር ፖለቲከኛው ኤርሚላንዶ ማንዳናስ «የጉምሩኩስ የት ሄደ?» ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ፈረደላቸው፣ ጭማሪውም ከ2022 በጀት ጀምሮ ወረደ።

አሁን ክፍፍሉን ይዩ። ለክፍለ ሀገሮች 23 ከመቶ፣ ለከተሞች 23 ከመቶ፣ ለሙኒሲፓሊቲዎች 34 ከመቶ፣ ለባራንጋዮች፣ ማለትም ለሠፈር አስተዳደሮቹ፣ 20 ከመቶ። ላይ ላዩን ሲያዩት ሙኒሲፓሊቲዎች የተጠቀሙ ይመስላል። ግን ከተሞቹ 150 ቢሞሉ ነው፤ ሙኒሲፓሊቲዎቹ ወደ 1,500 ይጠጋሉ። 23ቱን ለ150፣ 34ቱን ለ1,500 ያካፍሉት። በዚያ ላይ ከየድርሻው ሩቡ ለሁሉም እኩል ይከፈላል፤ ግማሹ በሕዝብ ብዛት፣ ቀሪው ሩብ በመሬት ስፋት ነው። ያ እኩል የሚከፈለው ሩብ ለቪጋን ዓይነቷ ደቃቃ ከተማ ሲሳይ ነው። ሚሊዮኖች ከሚኖሩባት ኬሶን ሲቲ እኩል ይደርሳታል።

ሁለተኛው ጥቅም እኛ የጣሪያና ግድግዳ የምንለው ዓይነት የንብረት ግብር ነው። ሙኒሲፓሊቲ ከሰበሰበው 35 ከመቶውን ለክፍለ ሀገሩ ያስረክባል፤ ለራሱ የሚቀረው 40 ነው፣ የተረፈው የባራንጋዮቹ ነው። ከተማ ግን 70 ከመቶውን ይይዛል፣ ቀሪው ለባራንጋዮቹ ይሄዳል፣ ክፍለ ሀገሩ ምንም የለውም። በላዩ ላይ የንግድ ፈቃድ ክፍያ አለ፤ በየዓመቱ በጥር የመጀመሪያ 20 ቀናት ሁሉም ነጋዴ ይሰለፋል። ሴዱላ የሚሉት የነፍስ ወከፍ ወረቀትም አለ፤ መነሻው 5 ፔሶ ነው። ገበያና ቄራ ያለው አስተዳደርም ከዚያ ያገኛል።

ታዲያ ይህን ገንዘብ ከንቲባው እንደፈለገ ያደርገዋል? አያደርገውም፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ከማዕከል ከሚመጣው ድርሻ 20 ከመቶው ለልማት ሥራ መዋል አለበት። ከመደበኛ ገቢው ከ5 ከመቶ ያላነሰው ለአደጋ መከላከል ይቀመጣል። ሒሳቡን የሚመረምረው ማዕከላዊው የኦዲት ኮሚሽን ነው። የእያንዳንዷን ትንሽ ከተማ የኦዲት ሪፖርት በየዓመቱ ለሕዝብ ያወጣዋል፤ ያልተወራረደ ገንዘብ፣ ያለ ጨረታ የተገዛ ዕቃ እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ስለ አንድ የፊሊፒንስ ከተማ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው የቱሪዝሙን ብሮሹር ትቶ እሱን ያንብብ እላለሁ።

ስለ ከንቲባው ሥልጣን። በየሦስት ዓመቱ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ዘጠኝ ዓመት፣ ከዚያ ዕረፍት። ምክትል ከንቲባው ለብቻው ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ከንቲባው ከአንዱ፣ ምክትሉ ከሌላው ፓርቲ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። የከተማውን ምክር ቤት የሚመራው ምክትሉ ነው። ምክር ቤቱ ሳንጉኒያንግ ፓንሉንግሶድ ይባላል። ቪጋን ውስጥ አሥር ተመራጮች አሉት፤ የባራንጋዮቹ ማኅበር ሊቀ መንበርና የወጣቶቹ ተወካይም በሹመታቸው ይቀመጡበታል። በጀት ያለ እነሱ አይጸድቅም። የከተማ ደንብም የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ ይህን ያዙልኝ፣ የመስኮቱ ጉዳይ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ጤና ጣቢያው ከ1991 ጀምሮ የከተማው ነው። አስተማሪዎች ግን የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው፤ ከንቲባው በትምህርት ቦርዱ በኩል ክፍል ይሠራል፣ ወንበር ይገዛል እንጂ መምህር አይቀጥርም። ፖሊሱም ብሔራዊ ነው። ሆኖም ከንቲባው የከተማውን የፖሊስ አዛዥ ከሚቀርቡለት ዕጩዎች ይመርጣል፣ የዕለት ሥራውንም ይቆጣጠራል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህች ሥልጣን ቀላል አይደለችም።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። የፊሊፒንስ ከተሞች ሦስት ዓይነት ናቸው። እንደ ባጊዮ ያሉት ትልልቆቹ ከክፍለ ሀገር ውጪ ናቸው። እንደ ናጋ ያሉት ደግሞ ትልቅ ባይሆኑም በማቋቋሚያ ሕጋቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ የናጋ ሰው ለክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ ድምፅ አይሰጥም። ቪጋን ሦስተኛው ዓይነት ናት፤ የክፍለ ሀገሩ አካል። ነዋሪዋ አገረ ገዥም ይመርጣል፤ የከተማዋን ደንብም የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሕግ የጣሰ መሆን አለመሆኑን ያየዋል። ዋና ከተማ በመሆኗ የአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ሃያ አምስት ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት አለቃ። ሲስማሙ መንገዱ ቶሎ ይሠራል፤ ካልተስማሙ የሚያውቀው ነዋሪው ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ።

የባልደረባዎ ቤተሰብ ቤት አሮጌው ሠፈር ውስጥ መሆን አለበት። ከ18ኛውና ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ቤቶች ናቸው፤ ቻይናውያን ነጋዴዎችና ከአገሬው የተዋለዱት የትምባሆና የኢንዲጎ ንግድ ባበለጸጋቸው ጊዜ የሠሩዋቸው። ምድር ቤቱ ወፍራም የሸክላ ጡብ ነው፤ ድሮ መጋዘንና የሠረገላ ማቆሚያ ነበር። ፎቁ እንጨት ነው፣ ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያ ነው። መስኮቶቹ ተንሸራታች ናቸው። ፍሬማቸው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው፤ በየማዕዘኑ የገባው ካፒስ የሚባል ስስ የባሕር ዛጎል ነው። ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀቱን ያለዝባል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ሌላ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ማታ ትልቁ ሲዘጋ በእሱ ነፋስ ይገባል። ያንን አውጥቶ አሉሚኒየም ማስገባት በኪስ ሲታሰብ ርካሽ ነው። የከተማው ደንብ የሚከለክለውም እሱን ነው።

ብዙ ሰው «ዩኔስኮ ከለከለ» ይላል። ዩኔስኮ የማንንም መስኮት አይከለክልም፤ ቪጋን ውስጥ መሐንዲስም ደንብ አስከባሪም የለውም። የከለከለው የአሥሩ ተመራጮች ምክር ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቪጋንና አካባቢዋ በፖለቲካ ደም መፋሰስ የታወቁ ነበሩ። የአገሪቱ ምክር ቤት አባል የነበሩት ፍሎሮ ክሪሶሎጎ በጥቅምት 1970 ካቴድራሉ ውስጥ በቅዳሴ ሰዓት በጥይት ተገደሉ። አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ማኒላ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄደ። ትልልቆቹ ቤቶች ለዘበኛ ተተዉ፤ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ምስጥ ገባ። በ1995 ኢቫ ማሪ ሜዲና ከንቲባ ሲሆኑ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን ከተማ የልማት ዕቅዱ መነሻ አደረገው። በ1997 ምክር ቤቱ ዋናውን ታሪካዊ ክልልና በዙሪያው ያለውን መከላከያ ቀለበት የከተማ ደንብ አውጥቶ ለየ። ዩኔስኮ ቪጋንን የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ነው። የተመዘገበው ክልል 17.25 ሄክታር ነው፤ ታሪካዊ ተብለው የተቆጠሩት ሕንፃዎች 233። በ2000 እና በ2006 ደግሞ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም የሚለውን በዝርዝር የጻፉ ደንቦች ተከተሉ። ዩኔስኮ በ2012 የዓለም ቅርስ ስምምነት 40ኛ ዓመት ሲከበር ቪጋንን በአስተዳደሯ ምሳሌ አድርጎ መርጧታል። የተሸለመው የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው።

በተግባር ሲታይ ባለቤቱ የዕድሳት ማመልከቻውን ለማዘጋጃ ቤቱ ያቀርባል። ተራ ሠፈር ቢሆን የሕንፃ ሹሙ አይቶ ይፈርም ነበር። ታሪካዊው ክልል ውስጥ ግን ጉዳዩ ለቅርስ ጥበቃ ምክር ቤት ይመራል። የጣሪያው ቁልቁለት፣ የመስኮቱ ዓይነት፣ የሱቁ ታፔላ ሁሉ ይታያል። የግድግዳ ልስኑ ሳይቀር። ሰው ቶሎ እንዲደርቅለት ሲሚንቶ ይለስናል፤ አሮጌው ጡብ ግን እርጥበት ይስባል፣ በኖራ ልስን በኩል ይተነፍስ የነበረው ሲሚንቶው ሲዘጋበት ከውስጥ ይፈረፈራል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ይህ ሁሉ የባለቤቱን ኪስ ይጎዳል፤ እሱን አልክድም። ካፒስ መስኮት የሚሠራ አናጺ እንደ ልብ አይገኝም፣ ደረቅ ጥሩ እንጨትም ውድ ነው። ቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም፤ አምስት ወንድማማች ወርሶት፣ ሦስቱ ውጭ አገር ናቸው። ፊርማ ለማሰባሰብ ብቻ ዓመት ይፈጃል። በእኔ አስተያየት የቪጋን ደንብ ደካማ ጎኑ እዚህ ጋ ነው፤ ባለቤቱን ማዘዙን አልፎ በገንዘብ መደገፉ ላይ ሳስቷል። ትርፉ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ካልዬ ክሪሶሎጎ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለ ቤት ምድሩን የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ፎቁን የእንግዳ ማረፊያ አድርጎ ወጪውን ይሸፍናል። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው፤ በድንጋይ ንጣፉ ላይ የሚሄደው የፈረስ ጋሪና እግረኛ ብቻ ነው። ሁለት መንገድ ዘወር ያለ ቤት ደግሞ ያው ግዴታ አለበት፣ ቱሪስቱ ግን አይደርስበትም።

በሐምሌ 27፣ 2022 ጎረቤት ክፍለ ሀገር አብራን መነሻ ያደረገ በመጠን 7.0 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ቪጋንን መታት። ካቴድራሉ ተጎዳ፣ የብዙ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ካልዬ ክሪሶሎጎ ላይ ፍርስራሽ ወደቀ። የአጎራባቿ የባንታይ የደወል ማማም ጡቡ ረገፈ። ከላይ ያልኩት 5 ከመቶ የሚፈለገው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ከሱ ውስጥ 30 ከመቶው ለአስቸኳይ ምላሽ ተለይቶ ይቀመጣል። ግን በሕዝብ ገንዘብ የግለሰብን የውርስ ቤት ማደስ በኦዲተር ፊት ቀላል አይደለም።

ባራንጋይስ ቀበሌ ነው? መልኩ ይመሳሰላል። የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚሰጠው እሱ ነው። የንግድ ፈቃድ ሲወጣ መጀመሪያ የባራንጋይ ክሊራንስ ይጠየቃል። ማታ ዱላ ይዘው ሠፈር የሚጠብቁ ታኖድ የሚባሉ ሰዎች አሉት። ቪጋን 39 ባራንጋይ አላት፤ መሐል ከተማ ያሉት ዘጠኙ ስም የላቸውም፣ በሮማውያን ቁጥር ነው የሚጠሩት። 53,935 ሰው ለ39 ሲካፈል ለአንዱ 1,400 ሰው እንኳ አይደርስም። በእኛ ሚዛን ሠፈር ነው።

ልዩነቱ ባራንጋይ ራሱን የቻለ መንግሥት መሆኑ ነው። ካፒቴኑንና ሰባት የምክር ቤት አባላቱን፣ ካጋዋድ ይባላሉ፣ ነዋሪው በቀጥታ ይመርጣል። የራሱ በጀት አለው፤ ያ 20 ከመቶ በስሙ ይመጣል። የራሱን ደንብ ያወጣል። ካፒቴኑን ከንቲባው አይሾመውም። ምርጫውም ከፓርቲ ውጪ ነው፤ የባልደረባዎ ወንድም የፓርቲ ምልክት ይዞ መወዳደር አይችልም። 18 ዓመት የሞላው፣ የተመዘገበ መራጭና ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው የኖረ ከሆነ ይበቃዋል። የምርጫ ቀኑን ግን በደንብ ይከታተል፤ የአገሪቱ ምክር ቤት የባራንጋይ ምርጫን ማራዘም ልማድ አድርጎታል።

ሰው ካፒቴኑን «ካፕ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ካፕ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ዋና ሥራው ሽምግልና ነው። እኛ ድሮ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የነበረንን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ካፕ አይፈርድም፣ ያስታርቃል። የአንድ ከተማ ሰዎች በአጥር፣ በብድር፣ በስድብ፣ በውሻ ቢጣሉ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ አይችሉም። መጀመሪያ ለካፕ ይመጣሉ። ካፕ በ15 ቀን ውስጥ ካላስማማቸው ሉፖን ከሚባሉት የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሦስት ሰው ይመረጥላቸዋል። ያም ካልሆነ ብቻ «መክሰስ ይችላል» የሚል ወረቀት ይጻፋል። ጠበቃ መግባት አይፈቀድለትም። ከታረቁና በአሥር ቀን ውስጥ ማንም ካልተቃወመ፣ ስምምነቱ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይጸናል። ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስር ወንጀል ግን እዚያ አይታይም። ከፊሊፒንስ ሕግ አንድ ነገር ወደ አገሬ አምጣ ብባል ይህን ነበር የማመጣው።

አበሉን ከጠየቁኝ፣ ሕጉ ለካፒቴን ያስቀመጠው ዝቅተኛ የወር ክፍያ 1,000 ፔሶ ነው። ደህና ገቢ ያላቸው ባራንጋዮች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ ግን ሰው ለደመወዝ ብሎ አይገባበትም። ለስም፣ ለወገን፣ ለሚቀጥለው ወንበር ነው። የባራንጋዮቹ ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነ ካፕ የከተማው ምክር ቤት ውስጥ መቀመጫ አለው አላልኩም? መሰላሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የመሰላሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ተመሳሳይ የቤተሰብ ስሞች ያገኛሉ። የኢሎኮስ ሱር ፖለቲካ በክሪሶሎጎና በሲንግሶን ስሞች ለብዙ አሠርት ዓመታት ሲሾር ኖሯል። ቪጋን ማዘጋጃ ቤት ውስጥም ከኢቫ ማሪ ሜዲና በኋላ ሁዋን ካርሎ ሜዲና ከንቲባ ሆነዋል፤ በ2022 ያሸነፉት ሆሴ ሲንግሶን ጁኒየር ናቸው። ይህ የቪጋን ብቻ አመል አይደለም፣ የአገሩ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ወንበሩን ለሚስት፣ ለልጅ ወይም ለወንድም አቆይቶ መመለስ የተለመደ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፖለቲካ ሥርወ መንግሥትን ይከለክላል፤ ግን «በሕግ በሚወሰነው መሠረት» ብሎ ዝርዝሩን ለአገሪቱ ምክር ቤት ተወው። ምክር ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት በብዛት የእነዚያው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ለከንቲባና ለአገረ ገዥ የሚሆን ዝርዝር ሕግ ሳያወጡ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ክልከላው ጥርስ አውጥቷል። በየባራንጋዩ የወጣቶች ምክር ቤት አለ፤ ከባራንጋዩ ገንዘብ 10 ከመቶው የሱ ነው። በ2016 የወጣው ሕግ ዕጩዎቹ ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ብቻ እንዲሆኑ ደነገገ፤ በዚያው አካባቢ ከተመረጠ ባለሥልጣን ጋር እስከ ሁለተኛ ደረጃ ዝምድና ያለው እንዳይወዳደርም ከለከለ። ስለዚህ የባልደረባዎ ወንድም ካፕ ሆኖ ከተመረጠ፣ ልጁ እዚያው ባራንጋይ ውስጥ ለወጣቶች ምክር ቤት መወዳደር አይችልም። ለከንቲባነት ግን ይችላል።